የእግር ማሽን፣ የእጅ ማሽን፦ የአካል ጉዳተኞች ሥራ በድሬዳዋ

ድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ውስጥ በረንዳ ላይ ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች አንዱን ለብዙ ዓመት አውቀዋለሁ። በልጅነቱ ሁለቱንም እግሮቹን ፖሊዮ ስለያዘው ክራንቾቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ነው ሥራ የሚጀምረው። ጎረቤቶቹ የሚሠሩት በእግር ማሽን ነው፤ መርገጫው ከታች ይረገጣል፣ ቺንጋው መዘውሩን ያዞራል፣ ሁለቱ እጆች ጨርቁን ይመራሉ። የእሱ ማሽን መርገጫም ቺንጋም የለውም። መዘውሩ ላይ የእንጨት እጀታ ያላት አጭር ብረት ተሰክታለች። ቀኝ እጁ እሷን ያዞራል፣ ግራ እጁ ብቻውን ጨርቁን ይገፋል። መጋረጃ ወይም አንሶላ መጥቶ ረጅም ስፌት ሲሆንበት ተለማማጁን ልጅ ይጠራና እጀታውን ያስይዘዋል። ልጁ እያዞረ ሙያ ይማራል፣ እሱ በሁለት እጁ ይሰፋል። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ «ስንት ነው? መቼ ይደርሳል?» ይላል እንጂ ስለ ማሽኑ ትንፍሽ አይልም።

ነገሩን ወደ ሕግ ቋንቋ ብንመልሰው እዚያ በረንዳ ላይ ሁለት ግዴታ ተሟልቷል። የሥራ መሣሪያው ከሠራተኛው አካል ጋር እንዲስማማ ተደርጓል፣ ረዳትም ተመድቧል። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ከአሠሪ የሚጠብቀው በአብዛኛው ይኸንኑ ነው። ልብስ ሰፊው ግን አሠሪ የለውም፣ ስለዚህ አዋጁ አያውቀውም። አዋጁ የሚያውቃቸው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ከዚራ ያሉትን መሥሪያ ቤቶችና ከከተማው ወጣ ብለው የቆሙትን ፋብሪካዎች ነው። እነሱ ጋ ደግሞ እንደ እሱ ያለ ሠራተኛ ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው። ሎተሪ አዟሪው፣ ሞባይል ጠጋኙ፣ ሚዛን ይዞ መንገድ ዳር የተቀመጠው፣ ታይዋን ገበያ ጫፍ ላይ ማስቲካና ሶፍት የምትሸጠው፣ ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው፤ የማንም ደመወዝተኛ ግን አይደሉም። ድሬዳዋን ይዤ የማየው ይህን ክፍተት ነው።

ስንት ሰው እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል፣ መልሱ ግን እንደ ጠያቂው ይለያያል። የ1987ቱ የሕዝብና ቤት ቆጠራ በመላ አገሪቱ ወደ 990 ሺህ የሚጠጋ አካል ጉዳተኛ ቆጥሮ ነበር። የ1999ኙ ደግሞ ከ800 ሺህ ጥቂት በላይ፣ ማለትም ከሕዝቡ 1.09 በመቶ ብቻ አገኘ። በመካከሉ የአገሪቱ ሕዝብ በ20 ሚሊዮን ገደማ ጨምሯል፤ አካል ጉዳተኛው ተቀንሷል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሪፖርት ላይ የኢትዮጵያ ድርሻ 17.6 በመቶ ሆኖ ብቅ አለ። ከዚያ ወዲህ የወጣ፣ በ2008 ዓ.ም. በተደረገ የቤተሰብ ጥናት ላይ የተመሠረተ ስሌት 9.3 በመቶ ይላል። ልዩነቱን ያመጣው ጥያቄው ነው። ቆጣሪው ደጃፍ ላይ ቆሞ «በቤታችሁ አካል ጉዳተኛ አለ?» ሲል እናት ልጇን በዚያ ስም ለመጥራት አንደበቷ አይታዘዛትም። «መነጽር አድርገው እንኳ ለማየት ይቸገራሉ? ደረጃ መውጣት ይከብድዎታል? ነገር ማስታወስስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሌላ መልስ ያገኛል። በ1999 ዓ.ም. ድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ 341,834 ሰው ተቆጥሯል። አገር አቀፉን 1.09 በመቶ ብንይዝ 3,700 ገደማ፣ 9.3 በመቶውን ብንይዝ 32 ሺህ ገደማ ሰው ይሆናል። ይህ የእኔ ስሌት ነው፣ ከግምት አያልፍም። ቢሆንም «እኛ ጋ አካል ጉዳተኛ አመልካች መጥቶ አያውቅም» የሚለው የሰው ኃይል ኃላፊ የትኛውን ቁጥር በልቡ ይዞ እንደሆነ ለመገመት ይበቃል።

ስለ ሕጉ ታሪክ ትንሽ መቆየት አለብኝ። በ1963 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ የአካል ጉዳተኞች መልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት ሲመሠረት የነበረው ሐሳብ የመሰብሰብና የመደገፍ ነበር። ደርግም በጦርነት ለቆሰሉት ወታደሮች ደብረ ዘይት ላይ ጀግኖች አምባን አቋቋመ። ድሬዳዋ ራሷ በነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር ደጇ ድረስ የመጣባት ከተማ ስለሆነች፣ ከዚያ ዘመን የቀሩ አረጋውያን ቁስለኞች ዛሬም አሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 101 የተወሰኑ የሥራ መደቦች ለአካል ጉዳተኞች እንዲጠበቁ አደረገ። ቅን ሐሳብ ይመስላል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው 568 ግን ገና በመግቢያው ይህን አካሄድ ይተቻል፤ መደብ መጠበቁ አካል ጉዳተኛው በብቃቱ ተወዳድሮ መሥራት የማይችል አስመስሎታል፣ የሥራ ቦታው ለእሱ እንዲመች ማድረግንም አላረጋገጠም ይላል። ስለዚህ አዲሱ ሕግ የተጠበቀውን ወንበር አነሣና በምትኩ ሁለት ነገር አስቀመጠ፤ በብቃት መወዳደርና ተመጣጣኝ ማመቻቸት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2002 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 አጸደቀች።

ሌሎች አገሮች የሄዱበት መንገድ ሌላ ነው። ጀርመን 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ከመቶ አምስቱን ከባድ የአካል ጉዳት ላለባቸው እንዲሰጥ ታስገድዳለች፤ ካልሞላ ክፍያ አለበት። የፈረንሳይ 6 በመቶ ነው። ሕንድ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች 4 በመቶ ትጠብቃለች፤ ጎረቤታችን ኬንያ ከ20 ዓመት በላይ 5 በመቶ የሚል ሕግ ይዛ ቆይታለች። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ላመጣ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ ይሰጣል፣ እሱም ቢሆን እስከ ፈተናው ጠረጴዛ ለደረሰ ሰው ነው። የ568 ጸሐፊዎች በክብር ጉዳይ ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ በአፈጻጸም ጉዳይ ግን ተላላ ነበሩ። ኮታ ቢያንስ ይቆጠራል። ማመቻቸት እንዲደረግ ደግሞ መጀመሪያ የሚመቻችለት ሰው መቀጠር አለበት፣ ከተቀጠረም በኋላ ደፍሮ መጠየቅ አለበት። ሥራ ለማግኘት አምስት ዓመት የለፋ ሰው በመጀመሪያ ሳምንቱ «ጌታዬ፣ ቢሮዬ ወደ ምድር ቤት ይውረድልኝ» ይላል ብሎ ማሰብ ሰውን አለማወቅ ነው።

አዋጁ ጥርስ የለውም ማለት ግን አይቻልም። በአካል ጉዳቴ ምክንያት አድልዎ ተፈጸመብኝ የሚል ሰው ጉዳቱንና ለአድልዎው መነሻ የሚሆን ፍሬ ነገር ካቀረበ የማስረዳት ሸክሙ ወደ አሠሪው ይዞራል። ሠራተኛ ማኅበሩ ወይም አባል የሆነበት የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ሊከስለት ይችላል። አሠሪው ማመቻቸቱ ከአቅም በላይ ነው የሚል ከሆነ የድርጅቱ መጠን፣ የወጪው ብዛት፣ የሠራተኛው ቁጥር ታይቶ ነው የሚዳኘው፤ «አይመቸንም» ብቻ አይበቃም። ቅጣቱ ጋ ስንደርስ ግን ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ነው። በ2000 ዓ.ም. ይህ ገንዘብ ይሰማ ነበር። ዛሬ ፋብሪካ ለሚያንቀሳቅስ ሰው የአንድ ምሳ ግብዣ ነው።

ወደ መሬቱ እንምጣ፤ ድሬ በዚህ ረገድ ከብዙ ከተሞቻችን የታደለች ናት። 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ፣ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ናት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቀየሰው ከዚራ ቀጥ ያለ፣ ዛፍ የተተከለበት፣ አስፋልቱ የተስተካከለ ሰፈር ነው። በእጅ የሚነዳ ባለ ሦስት ጎማ ይዞ ከባቡር ጣቢያው ሰፈር ከለገሃሬ ተነሥቶ ከዚራን መዞር ይቻላል፤ አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ሳይክል ከፒያሳ ቁልቁል የለቀቀ ሰው ዕጣው አይታወቅም። ብስክሌት የድሬ መለያ የሆነውም በዚሁ ሜዳዋ ምክንያት ነው። ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ መንገዱ ይጠባል፣ ይጠመዘዛል፣ ገበያው መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ክራንች አሸዋ ውስጥ ይሰጥማል። የሚገርመው፣ ክራንች የያዙት ሠራተኞች የሚበዙት መጋላ ነው። ሜዳው ከዚራ ላይ ያሉት መሥሪያ ቤቶች ግን በራፋቸው ላይ ሦስት አራት ደረጃ አላቸው፣ የሚፈለገው ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ ፎቅ ላይ ነው። የሕንፃ አዋጁ፣ ቁጥር 624/2001፣ የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙ ሰዎች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው ያዛል። አዳዲሶቹ ሕንፃዎች መወጣጫውን ይሠሩታል፤ አንዳንዱ ግን ቀጥ ከማለቱ የተነሣ ዊልቸሩን ወደ ላይ ለመግፋት ሁለት ጎረምሳ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ላይ ጄኔሬተር ተተክሎበታል፣ አንዳንዱ ደግሞ የሞተር ሳይክል ማቆሚያ ሆኗል። ኅዳር 24 የአካል ጉዳተኞች ቀን ሲከበር ቲሸርትና ኮፍያ ታድሎ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ አዳራሽ ውስጥ «አካል ጉዳተኝነት አለመቻል አይደለም» የሚል ባነር ተሰቅሎ አይቻለሁ። መፈክሩን ያነበቡት መውጣት የቻሉት ናቸው።

ሥራ ቦታ ከመድረስ በፊት መንገዱ አለ። ለዚህ ባጃጅ ድሬን ብዙ ረድቷታል፤ ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፣ ክራንች ይይዛል፣ የታጠፈ ዊልቸር ከኋላ ይጫንበታል፣ ሾፌሩም «አቦ፣ ና ልያዝህ» ይላል። ችግሩ ዊልቸር የያዘ ሰው ከሌሎች ጋር ተደርቦ ስለማይሄድ ኮንትራት መያዙ ነው። ሰፈሩ ሳቢያን ሆኖ ሥራው መልካ ጀብዱ አቅጣጫ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ወይም በነሐሴ 2014 የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጣና ከሆነ፣ የሁለት ጉዞ ኮንትራት በቀን ስንት እንደሚመጣ ማንም የድሬ ልጅ ያሰላዋል። በግሉ ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ በሌለበት አገር የጀማሪ ኦፕሬተር ክፍያ ይህን አይችልም። ሰርቪስ ያለው ፋብሪካ አውቶቡሱ ላይ አንድ ተንቀሳቃሽ መወጣጫ ቢጨምር ወይም ለአንዲት ሠራተኛ ባጃጅ ቢኮናተር ግቢው ውስጥ ከሚያደርገው ማንኛውም ማስተካከያ በላይ ይጠቅማታል። ባጃጁን ራሱን መንዳትስ? ጋዙ ቀኝ እጅ ላይ፣ ፍሪሲዮኑና ማርሹ ግራ እጅ ላይ ነው፤ ለእግር የቀረው ፍሬን ብቻ ነው፣ እሱም የቀኝ እግር ሥራ ነው። ግራ እግሩ የሰነፈ ሰው ምንም ሳይለወጥለት ይነዳዋል ማለት ነው። ቀኙ ለሰነፈው አንድ የእጅ ፍሬን ማስገጠም ከድሬ በያጆች አቅም በላይ የሆነ ሥራ አይደለም። የሕክምና ምርመራው ወረቀት ላይ የሚፈርመው ሐኪም ግን መሪውን ሳይሆን እግሩን ነው የሚያየው።

የዚህ ወረቀት ነገር ሰፋ ያለ ነው። የሥራ ማስታወቂያው ዲግሪውን፣ ልምዱን፣ ቋንቋውን ከዘረዘረ በኋላ «ሙሉ ጤንነት ያለው» ብሎ ይዘጋል። ምን ለማለት እንደሆነ ማንም አያብራራም። ሂሳብ ሠራተኛ ለመሆን ሙሉ ጤንነት ማለት ሁለት እግር ነው? ዐይነ ስውር የሕግ ምሩቅ ለሕግ ባለሙያነት ሲያመለክትስ? ማመልከቻውን የሚቀበለው ጸሐፊ ሕግ አላወጣም፣ ሕግም አልጣሰም፤ «እስኪ ይቆይ» ብቻ ይላል። አድልዎ በእኛ አገር ብዙውን ጊዜ የሚናገረው በዚህ ትሑት ድምፅ ነው፣ ለዚህም ነው ፍርድ ቤት የማይደርሰው።

ፋብሪካ ላይ ሌላ ዓይነት ችግር አለ፤ እሱም ከውጪ የሚመጣውን ሳይሆን ውስጥ ያለውን ሠራተኛ የሚነካ ነው። ድሬ የባቡር ወርክሾፕ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የሲሚንቶና የምግብ ፋብሪካ ከተማ ናት። ጣቱን ማሽን የበላው፣ ጆሮው በሽመና ክፍሉ ጩኸት የደነቆረ፣ ደንገጎ ዳገት ላይ መኪና ተገልብጦበት ወገቡ የተጎዳ ሾፌር የሌለበት ሰፈር አይገኝም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእነዚህ ሰዎች ስሌት አለው። ጊዜያዊ ጉዳት የደረሰበት ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለተከታዮቹ 6 ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። ዘላቂና ሙሉ በሙሉ ከሥራ የሚያስወጣ ጉዳት ከሆነ ካሳው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። ይኸው አዋጅ ግን አንቀጽ 24 ላይ ሠራተኛው በከፊልም ሆነ ሙሉ በሙሉ ዘላቂ በሆነ የአካል ጉዳት ምክንያት መሥራት ካልቻለ የሥራ ውሉ በሕግ እንደሚቋረጥ ይደነግጋል። «መሥራት ካልቻለ» የሚለውን ማን ይወስናል? የትኛውን ሥራ? ሁለት ጣቱን ያጣ የሽመና ኦፕሬተር ያንኑ ማሽን ላይችል ይችላል፤ የጥራት ቁጥጥር ጠረጴዛ ላይ፣ መጋዘን ቆጠራ ላይ፣ አዲስ ገቢ በማሠልጠን ላይ ግን ከማንም ይበልጣል፣ ማሽኑን ያውቀዋላ! ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ስምምነት በአንቀጽ 27 ላይ ሥራ ላይ እያሉ ለተጎዱ ሰዎች በግልጽ ይቆማል፣ ሥራቸው ላይ መቆየትንና ወደ ሥራ መመለስንም ይጠቅሳል። 568ም ማመቻቸቱን ግዴታ ያደርጋል። ሆኖም ፋብሪካው ካሳውን ቆጥሮ፣ ወረቀቱን አስፈርሞ፣ ሰውየውን ከነሃያ ዓመት ልምዱ ወደ ቤቱ ሲሸኘው ሕግ የጣሰ አይመስለውም፤ አንዱን አዋጅ ፈጽሞ ሌላውን ረስቷል። በዚህ ጉዳይ ላይ ሠራተኛ ማኅበራት ከካሳው መጠን ይልቅ ስለ መደብ ለውጥ ቢከራከሩ ደስ ይለኝ ነበር። ሠራተኛው ራሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ጥሬ ገንዘቡን ይመርጣል፤ አልፈርድበትም፣ ሌላ አማራጭ ቀርቦለት አያውቅም።

ሰው ሠራሽ እግር ወይም የተስተካከለ ዊልቸር የሚፈልግ የድሬ ሰው ሐረር ያለው የአካል ተሐድሶ ማዕከል ቅርቡ ነው፣ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ። ልኬት፣ ማሠሪያ፣ ልምምድ እያለ ተመላልሶ መሄድ ይኖራል። እዚህ ላይ ማመቻቸት ማለት የብረትም የሲሚንቶም ጉዳይ አይደለም፤ አለቃው «ሂድ፣ ከዓመት ፈቃድህ አይቀነስም» ማለቱ ነው።

የዐይነ ስውራን ጉዳይ የረዳት ጉዳይ ነው። ረዳት መመደብ በአዋጁ የአሠሪው ግዴታ ነው። በተግባር ግን ዐይነ ስውር መምህር የተማሪ ወረቀት የሚያነብለትን ሰው ከኪሱ እየከፈለ ሲያሠራ፣ ወይም የገዛ ልጁን ከትምህርት ቤት ሲያስቀር ይታያል። ኮምፒውተር ላይ ስክሪን የሚያነቡ ፕሮግራሞች ከመጡ ወዲህ ሸክሙ ቀሏል፤ እንደ ኤንቪዲኤ ያለው በነፃ የሚገኝ ነው። ነገር ግን መሥሪያ ቤቶቻችን ደብዳቤ የሚለዋወጡት ማኅተም ተመትቶበት፣ ተፈርሞበት፣ ስካን ተደርጎ ነው። ስካን የተደረገ ደብዳቤ ለዚያ ፕሮግራም ፎቶ ነው፣ ዝም ይላል። ዎርዱን ከፎቶው ጋር አያይዞ መላክ ከሁለት ጠቅታ በላይ አይፈጅም። የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዐይኗን አጥታ፣ ሕግ ተምራ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ስትቀበል ሁላችንም አጨበጨብን። የእሷ ስም ግን ለአሠሪዎች ምቹ ማምለጫ ሆኗል፤ «እሷን ካገኘን እንቀጥራለን» ይላሉ። ዐይን ካላቸው አመልካቾች ማንን የሽልማት ባለቤት እንዲሆን ጠይቀው ያውቃሉ?

መስማት ለተሳናቸው ድሬ ልዩ ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ገበያዋ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪኛ በአንድ ጊዜ ይነገራል፣ አንድ ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሦስቱን ይቀላቅላል። እርስ በርስ በምልክትና በፊት ገጽታ መግባባት እዚህ ለሰሚውም የዘወትር ሥራ ነው፤ ሒሳብ በጣት ይታያል፣ ዋጋ በቅንድብ ይቀነሳል። ቃለ መጠይቅ ላይ ሲደርስ ግን አስተርጓሚ የለም፣ አመልካቹም እህቱን ይዞ ይመጣል፣ ፈታኞቹም የሚያወሩት ከእህቱ ጋር ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ተኪ የተባለ የወረቀት ከረጢት አምራች መስማት የተሳናቸውን ሴቶች ቀጥሮ የሥራ ቋንቋውን የምልክት ቋንቋ አድርጎታል፤ እዚያ ሲገቡ የሚቸገረው ሰሚው ነው። ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ግን ለብቻ ተለይቶ መሥራት ስለሆነ ደስታዬ ሙሉ አይደለም። ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የቢሲዲሞ የሥጋ ደዌ ማዕከል፣ በጀርመን የሥጋ ደዌ ተራድኦ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሲጀመር፣ ለሕሙማኑ ሕክምና ብቻ ሳይሆን እርሻና መንደርም ነበረው። ብዙ ሰው አድኗል፤ ሆኖም ለእነዚያ ሰዎች ሥራ የተገኘው ከሌላው ሕዝብ ተለይተው ሲኖሩ ነበር። ለየብቻ መሥራት ቀላሉ መፍትሔ ሆኖ በየዘመኑ ይመለሳል። ከባዱ ነገር አንዲት መስማት የተሳናት ሴት በአምስት መቶ ሰሚ መካከል፣ የተራ ፋብሪካ መስመር ላይ መቀመጧ ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው ፎርክሊፍቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ከሚጮኸው ደወል ጋር ብልጭ የሚል መብራት፣ የመስመሩ ኃላፊ የሚያውቃቸው ሃምሳ ምልክቶች፣ የስብሰባው ውሳኔ በጽሑፍ መለጠፍ ነው።

ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ አእምሮ ዕድገት ውስንነት የምለው አጭር ነው፣ ምክንያቱም ሥራ ቦታዎቻችን ገና ጥያቄውን አልጀመሩትም። መድኃኒት እየወሰደ ደኅና የሚሠራ ሰው ሕመሙን መደበቅ ዋናው ሥራው ሆኗል። ጠዋት መድኃኒቱ ለሚያደነዝዘው ሰው የከሰዓቱን ፈረቃ መስጠት ገንዘብ አይጠይቅም። ሕመሙን መናገር ግን ከሥራው ሊያስወጣው ይችላል፣ ስለዚህ አይናገርም፣ ፈረቃውም አይቀየርም።

ወጪን ካነሣን አይቀር፣ አሜሪካ ውስጥ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሠሪዎችን በነፃ የሚያማክር አንድ አገልግሎት ለዓመታት ባሰባሰበው መረጃ መሠረት ከተደረጉት ማመቻቸቶች ግማሽ ያህሉ ምንም ወጪ አልነበራቸውም። እኛ ግን ለዚህ አሜሪካ መሄድ አያስፈልገንም። ድሬ ላይ ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ሱቁ በሩን ገርበብ ያደርጋል፣ መንገዱ ባዶ ይሆናል፣ ሰው ጥላ ይፈልጋል፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከተማዋ እንደገና ትነሣለች። ፀሐዩ ሰውን እንደሚያደክም ታምኖበት የሥራ ሰዓቱ ለአካል ተመቻችቷል። «ሙቀት የማይችል ሠራተኛ አንፈልግም» ብሎ ማስታወቂያ የለጠፈ አሠሪ አላየሁም። ማመቻቸት ማለት ይኸው ነው፤ የሁሉም ድካም ሲሆን ልማድ ይባላል፣ የአንድ ሰው ሲሆን ውለታ ይባላል።

መንግሥት በኩል አንድ ነገር በጸጥታ ተበላሽቷል። 568 ሲወጣ ጉዳዩን የያዘው የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ነበር፤ አካል ጉዳተኛውም ሥራውም አንድ ጣራ ሥር ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. በተደረገው አዲስ አደረጃጀት ሥራው ወደ ሥራና ክህሎት፣ ማኅበራዊ ጉዳዩ ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ፈላጊው አካል ጉዳተኛ አንዱ ቢሮ ሲገባ «ማኅበራዊ ጉዳይ ሂድ»፣ ሌላው ሲገባ «ሥራና ክህሎት ነው» ይባላል። በአዋጁ የመቆጣጠር ኃላፊነት ያለበት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ፋብሪካ ሲጎበኝ የራስ ቁርና ጓንት ይፈትሻል፣ የእሳት ማጥፊያውን ቀን ያያል። በቅጹ ላይ «ስንት አካል ጉዳተኛ ሠራተኛ አላችሁ? ምን ተመቻቸላቸው? ባለፈው ዓመት በጉዳት ያሰናበታችሁትስ ስንት ነው?» የሚሉ ሦስት መስመሮች ቢጨመሩ አዲስ አዋጅ ከማርቀቅ በፊት ብዙ ነገር ይታወቅ ነበር።

ባለፈው ወደ መጋላ ስሄድ ተለማማጁ ልጅ አልነበረም፤ ሙያውን ጨርሶ የራሱን ማሽን ገዝቶ አሸዋ ገበያ በኩል ወጥቷል። ልብስ ሰፊው በምትኩ ዲናሞ አስገጥሟል። ዲናሞውም እንደ ድሮው ማሽን ከእግር መርገጫ ጋር ነው የሚሸጠው። መርገጫውን ከመሬት አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከቀኝ ክንዱ ሥር፣ በሽቦ አስሮታል፤ በክርኑ ይጫነዋል፣ በሁለት እጁ ይሰፋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያቺ የእንጨት እጀታ አለች፤ ከመሳቢያው አውጥቶ መዘውሩ ላይ ይሰካታል። ያመጣሁትን ሱሪ ነገ ጠዋት ና ውሰድ አለኝ።